የወጣቶች የምርጫ ተሳትፎ ስታቲስቲካዊ ጥናት

የወጣቶች የምርጫ ተሳትፎ ስታቲስቲካዊ ጥናት ወጣት ዜጎች ለምርጫ መመዝገባቸውን፣ በምርጫ ዕለት ድምፅ መስጠታቸውን እና የሚመርጡትን ወገን በቁጥር ዘዴዎች የሚመረምር የፖለቲካ ሳይንስና የስታቲስቲክስ የጋራ ዘርፍ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ስለሆነ ማን ማንን እንደመረጠ ከኮሮጆ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ጥናቱ በዋናነት በሦስት ምንጮች ይመራል፤ እነርሱም የመራጮች መዝገብ፣ በየምርጫ ጣቢያው የሚለጠፈው ውጤት እና የናሙና መጠይቅ ናቸው።

በኢትዮጵያ ጥናቱን ከባድ የሚያደርገው ከሁሉ በፊት የቆጠራ ጉዳይ ነው። «ከወጣቱ ስንት በመቶው መረጠ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ስንት ወጣት እንዳለና የት እንደሚኖር መታወቅ አለበት። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በርካታ ወጣቶች ለሥራና ለትምህርት ከተወለዱበት ቀበሌ ወጥተው ይኖራሉ። ይህ ጽሑፍ ዘዴዎቹን የሚያብራራው በሰሜን ወሎ ዞን፣ ሀብሩ ወረዳ የምትገኘውን ግራናን እንደ ምሳሌ በመያዝ ነው። በግራና ስም የቀረቡት የስሌት ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ መላምታዊ ቁጥሮች እንጂ የተሰበሰበ መረጃ አይደሉም።

«ወጣት» የሚለው ቃል ወሰን

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ ወሰኑን ከ15 እስከ 35 ዓመት ያደርገዋል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 መሠረት ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ስለዚህ በምርጫ ጥናት «ወጣት መራጭ» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ከ18 እስከ 29፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከ18 እስከ 35 ያለው ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የ34 ዓመት ሰው ብዙውን ጊዜ ትዳር የያዘ፣ ልጆች ያፈራና በአንድ ቦታ የተቀመጠ ሲሆን፣ የ19 ዓመቱ ገና ተማሪ ወይም ሥራ ፈላጊ ነው። ሁለት ጥናቶች የተለያየ ወሰን ከተጠቀሙ ውጤታቸውን በቀጥታ ማነጻጸር ያሳስታል።

ይፋዊ አኃዞች የሚናገሩትና የማይናገሩት

በግንቦት 2002 ዓ.ም. እና በግንቦት 2007 ዓ.ም. በተካሄዱት ጠቅላላ ምርጫዎች ይፋ የሆነው የመራጮች ተሳትፎ በሁለቱም ጊዜ 93 በመቶ ገደማ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደውና በአንዳንድ አካባቢዎች መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በቀጠለው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ደግሞ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቦ ነበር። በዚያ ምርጫ በትግራይ ክልል ድምፅ አልተሰጠም።

እነዚህን አኃዞች ሲያነቡ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የተሳትፎ መቶኛ የሚሰላው ከተመዘገቡት እንጂ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ሁሉ አይደለም። ያልተመዘገበ ወጣት በዚህ ስሌት ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ሁለተኛ፣ በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው ውጤት እያንዳንዱ ዕጩ ያገኘውን ድምፅ ያሳያል እንጂ ድምፁን የሰጠው ሰው ወጣት ይሁን ሽማግሌ አይገልጽም። ስለዚህ «ወጣቱ እገሌን መረጠ» ወይም «ወጣቱ ከምርጫ ቀረ» የሚል አባባል ከይፋዊው ውጤት ብቻ ሊወጣ አይችልም።

የታህቱ ችግር፦ የግራና ምሳሌ

መቶኛ የላዕልና የታህት ክፍልፋይ ነው። በተሳትፎ ጥናት ላዕሉ ድምፅ የሰጡት ወጣቶች ቁጥር ሲሆን፣ አብዛኛው ክርክር የሚነሳው በታህቱ ላይ ነው።

ሀብሩ ወረዳ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ190 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው ሲሆን አብዛኛው የገጠር ነዋሪ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ግራና የወረዳው ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ስሟ በመስኖ ልማት ከሚታወቀው ከቆቦ ግራና ሸለቆ ጋር አብሮ ይነሳል። ከዚህ አካባቢ ወጣቶች በአፋርና በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ እንዲሁም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ለሥራ ይሄዳሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲስፋፋም ብዙ ነዋሪ ከቀዬው ተፈናቅሏል።

በአንድ ቀበሌ ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉ 1,000 ወጣቶች እንዳሉ የሕዝብ ትንበያ ያሳያል እንበል። ከእነዚህ 250ው በውጭ ሀገር፣ በሌላ ከተማ ወይም በዩኒቨርሲቲ ናቸው። በቀበሌው ካሉት 750 ወጣቶች 600ው ተመዘገቡ፤ 540ው ድምፅ ሰጡ። የተሳትፎው መጠን እንደ ታህቱ ይለያያል፦

ከተመዘገቡት ሲሰላ 540 ለ600፣ ማለትም 90 በመቶ ነው።
በቀበሌው ከሚኖሩት ሲሰላ 540 ለ750፣ ማለትም 72 በመቶ ነው።
በትንበያው ካሉት ሁሉ ሲሰላ 540 ለ1,000፣ ማለትም 54 በመቶ ነው።

ሦስቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ካርድ የወሰደ ወጣት በምርጫ ዕለት መቅረቱን ወይም አለመቅረቱን ይለካል። ሁለተኛው በአካባቢው ያለ ወጣት ለምርጫ ያለውን ፍላጎትና የምዝገባውን ቅልጥፍና አንድ ላይ ይለካል። ሦስተኛው ስደትን ጭምር ይይዛል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ በውጭ ሀገር የሚኖሩ ዜጎች ባሉበት ሆነው ድምፅ የሚሰጡበት ሥርዓት ስላልነበረ፣ ሳዑዲ ያለ ወጣት «አልመርጥም ብሎ የቀረ» ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ደግሞ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ስለሚጠይቅ፣ ለሥራ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ወጣት በሀገር ውስጥ እያለም ከመዝገብ ውጭ ሊሆን ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በዚህ ምክንያት በ2018 ዓ.ም. 18 ዓመት የሚሞላው ወጣት በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወቅት ገና አልተወለደም ነበር። የእርሱ ዕድሜ እኩዮች ቁጥር የሚታወቀው በልደት፣ በሞትና በፍልሰት ግምት ላይ በተመሠረተ ትንበያ ብቻ ነው። ትንበያው ለሀገር ወይም ለክልል ሲሆን የተሻለ ይሠራል፤ ለአንድ ቀበሌ ሲሆን ግን የአንድ ዓመት ስደት ብቻውን ሊያዛባው ይችላል።

ዕድሜን መለካት

የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በኢትዮጵያ በዘመናዊ መልክ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ የገጠር ወጣቶች የልደት ሰርተፊኬት የላቸውም። ሰዎች ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ 20፣ 25፣ 30 ወደሚሉ ቁጥሮች ያጠጋጋሉ፤ ይህም በስታቲስቲክስ የዕድሜ ክምችት ይባላል።

ክምችቱን ለመለካት የዊፕል መለኪያ ያገለግላል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ተቆጥሮ ለጠቅላላው ይካፈልና በ500 ይባዛል። ማጠጋጋት ከሌለ ውጤቱ 100 ገደማ፣ ሁሉም ሰው ካጠጋጋ ደግሞ 500 ይሆናል። ለምሳሌ ከ1,000 ሰዎች 340ው እንዲህ ያለ ዕድሜ ከተናገሩ መለኪያው 170 ነው።

ለወጣቶች ጥናት ጉዳቱ በወሰኖቹ ላይ ይታያል። የ28 ወይም የ29 ዓመት ሰው «30» ካለ ከወጣትነት ክፍል ይወጣል፤ የ17 ዓመቱ «18» ካለ ይገባል። ስለዚህ ጠያቂዎች ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ የታወቁ ክስተቶችን ይጠቀማሉ፤ «በሚሌኒየሙ በዓል ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» የሚል ጥያቄ ከ«ዕድሜህ ስንት ነው?» የተሻለ መልስ ሊያስገኝ ይችላል።

የናሙና ጥናት

ሁሉንም መጠየቅ ስለማይቻል ጥቂቶች በዕጣ ተመርጠው ይጠየቃሉ። ዋናው ቁም ነገር የናሙናው ብዛት ሳይሆን አመራረጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ሩዝቬልት እንደሚሸነፉ ተነበየ፤ ሩዝቬልት ግን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። መልሶቹ የተሰበሰቡት በአብዛኛው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች ዝርዝር ነበር፤ መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውም ሰው ካልመለሰው የተለየ ነበር።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ አደጋ ያለው በማኅበራዊ ሚዲያ በሚለቀቅ መጠይቅ ላይ ነው። በቴሌግራም የተሰበሰበ አሥር ሺህ መልስ ስማርት ስልክ፣ ኔትወርክና ጊዜ ያላቸውን ይወክላል። በመስኖ ማሳ የምትውለውን የግራና ወጣት ሴት ላይወክል ይችላል።

በዕጣ ለተመረጠ ናሙና የስህተት ወሰኑ ይሰላል። በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ 2,400 ሰው ሲጠየቅ ወሰኑ 2 ነጥብ መቶኛ ገደማ ሲሆን፣ 400 ሰው ሲጠየቅ 5 ገደማ ይደርሳል። አፍሮባሮሜትር የተባለው የጥናት መረብ በኢትዮጵያ ያካሄዳቸው መጠይቆች 2,400 ያህል ጎልማሶችን የያዙ ናቸው። ይህ ለሀገር አቀፍ ጥያቄ በቂ ነው። ከዚያ ውስጥ ግን የአንድ ዞን ወጣቶች ጥቂት አሥሮች ብቻ ስለሚሆኑ፣ ስለ ሰሜን ወሎ ወጣት ለብቻው መደምደም አይቻልም።

በገጠር መኪናና ቀን ለመቆጠብ ጥቂት ቀበሌዎች ተመርጠው በእያንዳንዱ ብዙ ሰው ይጠየቃል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች መልስ ስለሚመሳሰል ግን ተጨማሪው ሰው የሚያመጣው አዲስ መረጃ ትንሽ ነው። በየቀበሌው 20 ሰው ቢጠየቅና በመካከላቸው ያለው ዝምድና 0.1 ቢሆን የ400 ሰው ናሙና ዋጋው የ138 ሰው ያህል ይሆናል፤ የስህተት ወሰኑም ወደ 8 ይሰፋል። በየቀበሌው 8 ሰው ብቻ ቢጠየቅ ግን ያው 400 ሰው የ235 ሰው ያህል ዋጋ ይኖረዋል። ስለዚህ በመርሳና በግራና ብቻ ብዙ ሰው ከመጠየቅ በወረዳው በብዙ ቀበሌዎች ጥቂት ጥቂት ሰው መጠየቅ ይሻላል።

ወጣቶችን ቤት ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። በቀን የመጣ ጠያቂ እናትና አያትን ያገኛል፤ ባጃጅ ነጂውን፣ ነጋዴውንና ተማሪውን አያገኝም። በዕጣ የወጣው ሰው ከሌለ በቤት ባለው ሰው መተካት ሳይሆን ማታ ወይም በሌላ ቀን ተመልሶ መፈለግ ይገባል።

ከዚያም በኋላ የሚቀረው ጉድለት በክብደት ይስተካከላል። ለምሳሌ ከወጣቶች ግማሹ ሴቶች ሆነው በናሙናው 30 በመቶ ብቻ ቢሆኑ፣ ከሴቶቹ 50 በመቶ ከወንዶቹ 80 በመቶ መርጠናል ቢሉ፣ ያለ ክብደት ውጤቱ 71 በመቶ ነው። ትክክለኛው ድርሻ ሲሰጣቸው ወደ 65 በመቶ ይወርዳል።

የመልስ ታማኝነት

በብዙ ሀገራት «መርጫለሁ» የሚለው ሰው በመዝገብ ላይ ከተገኘው መራጭ ይበልጣል። መምረጥ መልካም ተግባር ተደርጎ ስለሚታይ ያልመረጠ ሰው እውነቱን ለመናገር ያፍራል። ከቀበሌ ሠራተኛ ጋር የመጣ ጠያቂ ደግሞ ፍርሃት ሊጨምር ይችላል። አፍሮባሮሜትር በመጠይቁ መጨረሻ ላይ ጥናቱን ማን እንደላከው ተጠያቂው እንዲገምት የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ መንግሥት ልኳቸዋል ብሎ የሚያምን ሰው መልስ ከሌላው ጋር ይነጻጸራል።

አሜሪካዊው ስታኒሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በዕጣ የሚመለስ ዘዴ አቀረበ። በአንዱ የዘዴው መልክ ተጠያቂው ጠያቂው ሳያይ ሳንቲም ይወረውራል። ዘውድ ከወጣ «አዎ» ይላል፤ ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። 200 ወጣቶች «ባለፈው ምርጫ ሳትመርጥ ቀርተሃል?» ተብለው 140ው «አዎ» ቢሉ፣ 100 ያህሉ በሳንቲሙ ምክንያት ያሉት ነው። ከቀሩት 100 ሰዎች 40ው በእውነት አልመረጡም፤ ግምቱ 40 በመቶ ይሆናል። ጠያቂው የማንንም ሰው መልስ ለይቶ አያውቅም። ዋጋው የስህተት ወሰኑ መስፋቱ ነው።

የመራጮች መዝገብ የተሻለ ማረጋገጫ ነው። መዝገቡ የመራጩን ዕድሜና ጾታ ስለሚይዝና በምርጫ ዕለት የመጣው ሰው ስለሚፈርምበት፣ ሕጋዊ ፈቃድ ካለ ከመዝገቡ በዕጣ ገጾችን ወስዶ የወጣቱን ተሳትፎ ማስላት ይቻላል። ይህ ዘዴ ማን እንደመጣ ያሳያል፤ ማንን እንደመረጠ ግን አያሳይም።

ከጣቢያ ውጤት ወደ ሰው መደምደም

ወጣት የበዛበት ጣቢያ ለአንድ ፓርቲ ብዙ ድምፅ ከሰጠ ወጣቶቹ ያንን ፓርቲ መረጡ ማለት ነውን? የግድ አይደለም። ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ግዛቶች ደረጃ የውጭ ተወላጆች በበዙበት መሀይምነት እንደሚያንስ፣ በግለሰብ ደረጃ ግን የውጭ ተወላጆች መሀይምነት ከሌላው በትንሹ እንደሚበልጥ አሳየ። የውጭ ተወላጆቹ የሰፈሩት የተማረ ሕዝብ ባለባቸው ግዛቶች ስለነበረ ነው። ይህ ስህተት የቡድን ድምዳሜ ስህተት በመባል ይታወቃል።

ከጣቢያ ውጤት በእርግጠኝነት ሊባል የሚችለው በወሰን ነው። በአንድ ጣቢያ ከተመዘገቡት 800 ሰዎች 320ው ወጣቶች ሆነው 720 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። የቀሩት 80 ሰዎች ሁሉም ወጣቶች ቢሆኑ እንኳ ቢያንስ 240 ወጣቶች መርጠዋል፤ ስለዚህ ተሳትፏቸው ከ75 እስከ 100 በመቶ ባለው ውስጥ ነው። ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው። ከ720 ድምፅ ሰጪዎች 300ው ወጣቶች መሆናቸው ታውቆ አንድ ፓርቲ 450 ድምፅ ቢያገኝ ግን፣ ከወጣቶቹ ያገኘው ከ30 እስከ 300 ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ከ10 እስከ 100 በመቶ። ያው ጣቢያ ስለ ተሳትፎ ብዙ፣ ስለ ምርጫቸው ግን ከሞላ ጎደል ምንም አይናገርም። እንደ ጌሪ ኪንግ ያሉ ተመራማሪዎች የብዙ ጣቢያዎችን ወሰን አጣምረው ግምቱን የሚያጠቡ ቀመሮች ሠርተዋል፤ እነዚህም ቢሆኑ ተጨማሪ እምነት ወይም ታሳቢ ይጠይቃሉ።

ምክንያትን መፈለግ

የምርጫ ተሳትፎ «አዎ» ወይም «አይ» ስለሆነ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ሎጂስቲክ ሪግረሽን ነው። ዘዴው ዕድሜ፣ ጾታ፣ ትምህርት፣ ትዳር፣ የመሬት ይዞታና በቦታው የኖሩበት ጊዜ እያንዳንዳቸው ከመምረጥ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሌሎቹን በማስተካከል ይገምታል። ውጤቱ የሚነበበው በዕድል ንጽጽር ነው። ከ100 ወጣቶች 60ው ከመረጡ የመረጡት ለቀሩት 60 ለ40፣ ማለትም 1.5 ነው። ከ100 ታላላቆች 80ው ከመረጡ 4 ነው። ንጽጽሩ 0.375 ይሆናል። ይህን «ወጣቶች በ62 በመቶ ያነሰ ይመርጣሉ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ስህተት ነው፤ የተሳትፎው ልዩነት 20 ነጥብ መቶኛ ነው።

አፍሮባሮሜትር እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በ36 የአፍሪካ ሀገራት ባካሄደው ጥናት መርጠናል ያሉት ከ18 እስከ 35 ዓመት ካሉት 65 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካሉት 79 በመቶ ነበሩ። ኢትዮጵያ በዚያ ዙር አልነበረችም። ልዩነቱ ከዕድሜው የመጣ ነው ወይስ ወጣቱ መሬትና ቋሚ መኖሪያ ስለሌለው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እነዚህ ነገሮች አብረው ሲለኩ ብቻ ነው።

ሌላው ጥያቄ የዕድሜ፣ የዘመንና የትውልድ ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው የ18 ዓመት ወጣት በ2013 ዓ.ም. 34 ዓመቱ ነበር። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ተሳትፎው ከተለወጠ በዕድሜው መጨመር፣ በሀገሪቱ ሁኔታ መለወጥ ወይም በትውልዱ የተለየ ተሞክሮ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ከዘመንና ከልደት ዓመት የሚገኝ ስለሆነ ሦስቱን በአንድ ጊዜ መጠይቅ መለየት አይቻልም። ተመሳሳይ ጥያቄ በተከታታይ ምርጫዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

የግለሰብ ጥበቃ

ጥናቱ በትንሽ ከተማ ሲካሄድ ስም መሰረዝ ብቻውን ሰውን አይሰውርም። «ግራና፣ ሴት፣ 23 ዓመት፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ» የሚል አንድ መስመር ለጎረቤት አንዲትን ሰው በቀጥታ ሊጠቁም ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የፖለቲካ አመለካከትን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የቀበሌን ስም በወረዳ፣ ነጠላ ዕድሜን በዕድሜ ክፍል ይተካሉ፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ከጥቂት ሰው በታች የያዘ ሕዋስም አያትሙም።

ውጤትን ለማንበብ

ስለ ወጣት መራጮች የተጻፈ ማንኛውም መቶኛ አራት ነገሮች ሲገለጹ ይመዘናል፦ ወጣት የተባለው ከስንት እስከ ስንት ዓመት ነው፤ ታህቱ የተመዘገቡት ናቸው፣ የሚኖሩት ናቸው ወይስ የተተነበዩት፤ ሰዎቹ የተመረጡት እንዴት ነው፤ የስህተት ወሰኑስ ስንት ነው። ታህቱ ካልተገለጸ በላይኛው ምሳሌ እንደታየው 54፣ 72 እና 90 በመቶ ስለ አንድ ቀበሌና ስለ አንድ ምርጫ ሊነገሩ ይችላሉ።